የተቃጠለውን መልሶ ነዳጅ ማድረግ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

እነሆ የሳምንቱ የሳይንስ ዝግጅታችን ሰዓት ደረሰ።

ዛሬ የምናወራው ከጭስ ስለሚሠራ ነዳጅ ነው። ከፋብሪካ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ተለይቶ ይያዛል፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ታንከር የሚቀዳ ፈሳሽ ነዳጅ ይሆናል። እንዴት? በማን ጉልበት? ለማንስ ይጠቅማል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዛችሁ ተከተሉኝ። ወረቀትና እርሳስ አያስፈልግም፤ ጆሯችሁ ይበቃል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(የጠርሙስ ክዳን ሲከፈትና ጋዙ ሲወጣ የሚሰማ ድምፅ)

ይህን ድምፅ ለያችሁት? አምቦ ውኃ ነው። ክዳኑ ሲነሳ «ጭስ» ብሎ የሚወጣው፣ ብርጭቆው ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚሽቀዳደመው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እኛም በየትንፋሻችን እናወጣዋለን። የመኪናው ጭስ ማውጫ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ምድጃ፣ የጠላው ጋን፣ ሁሉም ይተፋዋል።

አሁን አንድ ጥያቄ። ይህ ጋዝ ክብሪት ቢጫርበት ይቀጣጠላል?

(ለአፍታ ዝምታ)

አይቀጣጠልም። እንዲያውም በየቢሮው ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት እሳት ማጥፊያዎች አንዳንዶቹ ውስጥ የተሞላው እሱ ነው። ታዲያ እሳት የሚያጠፋ ነገር እንዴት ነዳጅ ይሆናል?

እሳት አመድ ወለደ ይባል የለ? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት የማይታይ አመድ ነው። ቤንዚኑም፣ ከሰሉም፣ ማገዶውም ውስጡ ካርቦን አለ። ሲቃጠል ካርቦኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይጣመራል፤ ሲጣመር ሙቀት ይሰጠናል። ሙቀቱን ተጠቅመን ስንጨርስ የሚቀረን አንድ ካርቦን በሁለት ኦክስጅን መካከል ተይዞ ነው። የሚሰጠውን ሁሉ ሰጥቶ ጨርሷል። ከእንግዲህ በራሱ የሚፈይደው ነገር የለም።

ስለዚህ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ መሥራት ማለት አመዱን መልሶ እንጨት ማድረግ ነው። ይቻላል? አዎ፣ ይቻላል። ዛፍ ሁሉ በየቀኑ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ነገር ግን እንጨቱ ሲነድ የሰጠንን ጉልበት ቢያንስ ያንኑ ያህል መልሰን መክፈል አለብን፤ በተግባር ደግሞ ከዚያ በላይ እንከፍላለን። ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፤ ዛሬ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። ጉልበት ሳይከፈል ከጭስ ነዳጅ አይወጣም።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

ደህና፤ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ጋዙ መያዝ አለበት።

ከየት እንያዘው? ከአየር ላይ ልንይዘው እንችላለን፤ ግን እጅግ የሳሳ ነው። ከአየሩ አሥር ሺህ ሞለኪውል ብትቆጥሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት አራት ገደማ ናቸው። በሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ ውስጥ ግን ከአሥሩ ሁለት ገደማ ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ስኳር ወይም እህል የሚብላላበት ቦታ ነው። የቢራ ፋብሪካው ጋን ወይም የኢታኖል ፋብሪካው ጋን የሚተነፍሰው ጋዝ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ማለት ይቻላል። ኢታኖል ሲመረት ለእያንዳንዱ ኪሎ ኢታኖል አንድ ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብሮ ይወጣል። የሰነባበተ ጠላ ጋን ከድናችሁ የምታውቁ እናቶች የግፊቱን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ከፋብሪካ ጭስ ለመያዝ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው። ጭሱ በረጅም ማማ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ደግሞ አሚን የተባለ ኬሚካል የተቀላቀለበት ውኃ ይንጠባጠባል። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ውኃው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ብቻ ለይቶ ይይዛል፤ ናይትሮጂኑ በላይ በኩል ይወጣል። ከዚያ ውኃው ወደ ሌላ ማማ ተወስዶ ይሞቃል፤ 120 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የያዘውን ጋዝ ይለቅቃል። ውኃው ይቀዘቅዝና እንደገና ወደ ሥራው ይመለሳል። ማሞቂያውም ነዳጅ ይበላልና ክፍያው ገና ከዚህ ይጀምራል።

ጋዙን ያዝነው። አሁን የጎደለው ምንድን ነው?

ሃይድሮጂን ነው። ቤንዚንም፣ ናፍጣም፣ አልኮልም ካርቦንና ሃይድሮጂን ተያይዘው የሚሠሩ ናቸው። ካርቦኑን አግኝተናል፤ ሃይድሮጂኑን ከውኃ ማውጣት እንችላለን። በውኃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ውኃው ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ በኩል ሃይድሮጂን፣ በሌላው በኩል ኦክስጅን። ኤሌክትሮሊሲስ የሚባለው ይህ ነው። ጉልበቱ በብዛት የሚከፈለውም እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ገብቶ ሃይድሮጂን ይወጣል።

ልድገመው። ካርቦኑ ከጭሱ ይመጣል፣ ሃይድሮጂኑ ከውኃው ይመጣል፣ ጉልበቱ ከኤሌክትሪኩ ይመጣል።

(የሙዚቃ ምልክት)

አሁን ሃይድሮጂኑንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አንድ ጋን ውስጥ አድርገን ብንዘጋቸው ነዳጅ ይሆናሉ?

አይሆኑም። አንድ ዓመት ቢቀመጡ አንዳቸው ሌላውን አይነኩም። ካርቦኑ ኦክስጅኖቹን አጥብቆ ይዟል፤ ሃይድሮጂኑም ሁለት ሁለት ሆኖ ተጣብቋል። ማንም መጀመሪያ እጁን አይፈታም። «እናሙቃቸዋ!» ትሉ ይሆናል። እናሙቃቸው። ሲሞቁ ይንቀሳቀሳሉ፤ ነገር ግን ሙቀቱ ሲበዛ የተሠራው ነዳጅ ራሱ ተመልሶ ይፈርሳል፤ ወይም ያልፈለግነው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ይበዛል። ቀዝቀዝ ስናደርገው ደግሞ ነዳጁ አይፈርስም፤ ግን ሥራው አይጀመርም።

ነገሩ እንዲህ ተቆላልፎ ሳለ ነው ካታሊስት የሚመጣው።

ካታሊስት ምንድን ነው? ሁለት ነገሮች ተገናኝተው እንዲለወጡ የሚረዳ፣ ራሱ ግን በለውጡ ውስጥ አልቆ የማይቀር ነገር ነው። ሥራው በዝቅተኛ ሙቀት እንዲጀመር ያደርጋል። ከአሥር መንገድ መካከል የምንፈልገውን አንዱን መንገድ ያቀላል። ተጨማሪ ጉልበት ግን አይሰጥም። ይህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «አዲስ ካታሊስት ተገኘ» የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ነፃ ነዳጅ የተገኘ ይመስለዋል። ካታሊስት ከሚያስፈልገው በላይ የምናባክነውን ጉልበት ይቀንስልናል፤ ዋናውን ዕዳ ግን አይሰርዝልንም።

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሜታኖል የተባለውን አልኮል ለመሥራት በብዛት የሚሠራበት ካታሊስት ከመዳብ፣ ከዚንክ ኦክሳይድና ከአልሙኒየም ኦክሳይድ የተሠራ ነው። በእጃችሁ ብትይዙት ኪኒን የሚያካክል፣ የተጠቀጠቀ ጥቁር እንክብል ነው። የሚያብረቀርቅ መዳብ የምትጠብቁ ከሆነ አታገኙትም። እንክብሉ ውስጡ በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የአንድ ግራሙ ውስጣዊ ገጽ ተዘርግቶ ቢነጠፍ የአንድ ሰፊ ሳሎን ወለል ይሸፍናል። መዳቡም በዚያ ገጽ ላይ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ በማይታይ ደቃቅ ቅንጣት ተበትኗል። ሥራው የሚሠራው በገጹ ላይ ስለሆነ ገጹ በሰፋ ቁጥር ሥራው ይፋጠናል።

አሁን ጋዞቹ መጡ። ከ200 እስከ 300 ዲግሪ በሆነ ሙቀትና ከመኪና ጎማ ግፊት ከሃያ እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት በእንክብሎቹ መካከል ያልፋሉ። ሃይድሮጂኑ መዳቡ ላይ ሲያርፍ ጥንዱ ይለያያል፤ ነጠላ ነጠላ አቶም ሆኖ በገጹ ላይ ይንሸራሸራል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መዳቡና ዚንኩ በሚዋሰኑበት አካባቢ ያርፋል። አንድ ሃይድሮጂን ይደርስና ካርቦኑ ላይ ይጣበቃል። ሌላ ይጨመራል። ከሁለቱ ኦክስጅኖች አንዱ ሃይድሮጂን ይዞ ውኃ ሆኖ ይሄዳል። ሃይድሮጂኑ እየተጨመረ፣ እየተጨመረ፣ በመጨረሻ አንድ የሜታኖል ሞለኪውል ከመዳቡ ተላቅቆ ይበርራል። ቦታው ለሚቀጥለው ይለቀቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ለአንድ ሜታኖል ስድስት የሃይድሮጂን አቶም ያስፈልጋል። አራቱ ሜታኖሉ ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱስ? ሁለቱ ተመልሰው ውኃ ይሆናሉ። ያን ያህል ኤሌክትሪክ ከፍለን ከውኃ ካወጣነው ሃይድሮጂን ሲሶው ተመልሶ ውኃ ይሆናል ማለት ነው። ከተቃጠለ ነገር የመነሳት ዋጋው ይህ ነው፤ ኦክስጅኑን የሚወስድልን ከሃይድሮጂን በቀር ሌላ የለም።

ደግሞም ጋዙ በአንድ ማለፊያ ሁሉም አይለወጥም። የተለወጠው ጥቂቱ ነው። ሜታኖሉና ውኃው ቀዝቅዘው ፈሳሽ ሆነው ከታች ይወጣሉ፤ ያልተለወጠው ጋዝ ተመልሶ ከላይ ይገባል፤ ይዞራል፣ ይዞራል። ከታች የወጣው ድብልቅ ደግሞ እንደ አረቄ ተነጥሮ ሜታኖሉ ከውኃው ይለያል፤ ሜታኖል 65 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቀድሞ የሚተነው እሱ ነው።

ካታሊስቱስ ጠላት የለውም? አለው። ዋናው ጠላቱ ድኝ ነው። ጋዙ ውስጥ ጥቂት ድኝ ካለ መዳቡ ላይ ይለጠፍና ቦታውን ይይዝበታል፤ ካታሊስቱ «ተመረዘ» ይባላል። ሁለተኛው ጠላት ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው። ሙቀቱ ሲያልፍ ደቃቆቹ የመዳብ ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተጣበቁ ይገዝፋሉ፤ ገጹ ይጠብባል፤ ሥራው ይደክማል።

የድኙ ነገር ታሪክ አለው። የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ በ1923 ሎይና በተባለው ቦታ ሜታኖል በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ሲጀምር የሚጠቀመው ጋዝ ከከሰል የተገኘ፣ ድኝ ያለበት ነበር። ስለዚህ መዳቡን ትቶ ድኝ በሚችል የዚንክና የክሮሚየም ካታሊስት ሠራ። ያ ካታሊስት ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ይጠይቃል። በመዳብ የሚሠራው ዝቅተኛ ግፊት ዘዴ ሥራ ላይ የዋለው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ አይሲአይ በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። መዳቡ ጥሩ መሆኑ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ የጠፋው ንጹሕ ጋዝ ነበር።

(ሙዚቃ፤ ከዚያም የነፋስ ድምፅ)

አሁን ከእኔ ጋር ወደ አይስላንድ ኑ። ሰሜን አትላንቲክ ላይ ያለች፣ እሳተ ገሞራ የበዛባት ደሴት ናት። ስቫርትሴንጊ በተባለ ቦታ ከመሬት ሥር በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ የሚያመርት ጣቢያ አለ። በእኛም አገር አሉቶ ላንጋኖ ላይ በዚሁ ዓይነት የከርሰ ምድር እንፋሎት ተሞክሯል። እንፋሎቱ ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወጣል፤ ያን የድኝ ጋዝም ጭምር። ካርቦን ሪሳይክሊንግ ኢንተርናሽናል የተባለ ኩባንያ አጠገቡ ፋብሪካ ሠራ። ጋዙን ከድኝ ያጠራ፣ በጣቢያው ኤሌክትሪክ ከውኃ ሃይድሮጂን ያወጣ፣ ሁለቱን በካታሊስት ላይ አሳልፎ ሜታኖል ያደርግ ነበር። ፋብሪካው በ2012 ተመረቀ። ሲስፋፋ በዓመት 5,500 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ 4,000 ቶን ሜታኖል የማምረት አቅም ነበረው።

የፋብሪካው ስም ጆርጅ ኦላ ይባላል። ማን ነው ጆርጅ ኦላ? በ1927 ቡዳፔስት የተወለደ ሃንጋሪያዊ ኬሚስት ነው። ከ1956ቱ የሃንጋሪ አመፅ በኋላ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ በመጨረሻ ሎስ አንጀለስ፣ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ፤ በ1994 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ሽልማቱ ስለ ሜታኖል ሳይሆን ስለ ሌላ የካርቦን ጥናቱ ነው። በስተርጅናው ግን ልቡን የሰጠው ለዚህ ሐሳብ ነበር፤ ዓለም በነዳጅ ዘይት ፋንታ በሜታኖል መኖር ትችላለች፣ ካርቦኑንም ከአየር መልሰን መውሰድ እንችላለን እያለ ጻፈ፣ አስተማረ። በ2017 አረፈ። ስደተኛ ሳይንቲስት ባልተወለደበት ደሴት ላይ ፋብሪካ በስሙ ሲጠራለት በሕይወት ማየቱ ያስደስተኛል።

ይህ የአይስላንድ ቴክኖሎጂ ከዚያ ወደ ቻይና ተሻገረ። በሄናን ክፍለ ሀገር፣ አንያንግ ከተማ፣ በ2022 ሥራ የጀመረው ፋብሪካ በዓመት 110,000 ቶን ሜታኖል የማምረት አቅም አለው። ግን ልብ በሉ። የአንያንጉ ሃይድሮጂን የሚገኘው ከከሰል ምድጃ ከሚወጣ ጋዝ ነው። ካታሊስቱ አንድ ዓይነት፣ ሜታኖሉ አንድ ዓይነት፤ የሃይድሮጂኑ ምንጭ ግን ይለያል። ስለዚህ «ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሠራ ነዳጅ» የሚል ነገር ስትሰሙ መጀመሪያ ምን ትጠይቃላችሁ?

(ለአፍታ ዝምታ)

ሃይድሮጂኑ ከየት መጣ? ቀጥላችሁ ደግሞ ካርቦኑስ ከየት መጣ? ነዳጁ ሲቃጠል ያ የተያዘው ጋዝ ሁሉ ተመልሶ አየር ላይ ይወጣልና። ካርቦኑ ከተክል ወይም ከአየር የመጣ ከሆነ የወጣው የተወሰደው ያህል ነው፤ ዙሩ ይዘጋል። ከከሰል ከመጣ ግን ካርቦኑን ሁለት ጊዜ ተጠቀምንበት እንጂ ከመሬት ሥር ማውጣታችንን አላቆምንም። ሁለት ጊዜ መጠቀምም ዋጋ አለው፤ ሆኖም ሁለቱን አንድ አድርጎ ማውራት ሰውን ማሳሳት ነው።

(አጭር የሙዚቃ ድልድይ)

እስካሁን ሜታኖል፣ ሜታኖል አልኩ። ቤንዚኑስ? የአውሮፕላኑ ነዳጅስ?

ሜታኖልን ቤንዚን ለማድረግ ሌላ ካታሊስት አለ፤ ዚዮላይት ይባላል። ቀዳዳዎቹ እጅግ ጠባብና እኩል የሆኑ ድንጋይ ነው። በጥበቱ የተነሳ የቤንዚን መጠን ያላቸውን ሞለኪውሎች ያሳልፋል፤ ከዚያ የሚበልጡት ውስጡ ሊሠሩ አይችሉም። ቺሊ ውስጥ፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ በሚነፍስበት በፑንታ አሬናስ አጠገብ፣ ሃሩ ኦኒ የተባለ የሙከራ ፋብሪካ በዚህ መንገድ ከነፋስ ኤሌክትሪክ ቤንዚን ይሠራል። በታኅሣሥ 2022 የወጣው የመጀመሪያው ቤንዚን ፖርሸ መኪና ውስጥ ተቀዳ።

ለአውሮፕላን ነዳጅ ደግሞ የጀርመኖቹ የፍራንዝ ፊሸርና የሃንስ ትሮፕሽ ዘዴ አለ፤ ሩር ወንዝ አጠገብ ባለችው ሙልሃይም ከተማ በ1920ዎቹ የሠሩት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጀመሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይደረጋል፤ ከዚያ በብረት ወይም በኮባልት ካታሊስት ላይ ካርቦን ከካርቦን እየተያያዘ ይረዝማል። ያጠረው ቤንዚን፣ መካከለኛው ነጭ ጋዝና የአውሮፕላን ነዳጅ፣ የረዘመው ሰም ይሆናል። ደቡብ አፍሪካ በዚህ ዘዴ ከከሰል ነዳጅ ማምረት የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው፤ ሳሶልበርግ የተባለችው ከተማ ስሟን ያገኘችው ይህን ነዳጅ ያመርት ከነበረው ኩባንያ ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ፍሬ እዚህ ነውና።

አንድ ሊትር ሜታኖል ከጭስና ከውኃ ለመሥራት ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይሄዳል። ሜታኖሉ ውስጥ የሚቀመጠው ጉልበት የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ሌላው ግማሽ በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንድ ሊትር ሜታኖል ደግሞ የሚይዘው ጉልበት የአንድ ሊትር ቤንዚን ግማሽ ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ቤንዚን ለመተካት ሁለት ሊትር ሜታኖል፣ ማለትም 16 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል።

አሁን አስቡ። አንድ ቤተሰብ የሚይዝ የቤንዚን መኪና በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? አሥራ ሁለት፣ ቢበዛ አሥራ አምስት እንበል። ያንኑ 16 ኪሎዋት ሰዓት በቀጥታ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥ ብትሞሉት ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አሥራ አምስትና መቶ! ይህን የሰማ ሰው ለቤት መኪና ከጭስ የተሠራ ነዳጅ ይሻላል ብሎ ሊከራከር አይችልም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስትወስን ብዙ ተባለ፤ የባትሪ መሙያው እጥረትም እውነት ነው። በጉልበት ሒሳብ ብቻ ካየነው ግን ከግድብ የወጣን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባትሪ ውስጥ መጨመር ይሻላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ለማን ነው?

ባትሪ ለማያነሳቸው ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዋሽንግተን የሚሄድ አውሮፕላን ያን ያህል ጉልበት በባትሪ ቢጭን ከባትሪው ክብደት የተነሳ አይነሳም። ውቅያኖስ የሚያቋርጥ የጭነት መርከብም እንዲሁ። እነዚህ ፈሳሽ ነዳጅ ይፈልጋሉ። የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ በ2023 በሜታኖል የምትሄደውን የመጀመሪያዋን የኮንቴይነር መርከብ ከደቡብ ኮሪያ ወደ ኮፐንሃገን አመጣ። በ2025 ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ ካሶ በተባለ ቦታ በዓመት 42,000 ቶን ሜታኖል የሚያመርት ፋብሪካ ተከፈተ፤ ኤሌክትሪኩ ከፀሐይ፣ ካርቦኑ ከእበትና ከተረፈ ምርት ባዮጋዝ ነው። ዙሩ የሚዘጋው እንዲህ ሲሆን ነው።

የአውሮፕላኑ ነገር እኛንም ይነካል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 ጀምሮ ከኤርፖርቶቹ የሚቀዳው ነዳጅ ውስጥ ከመቶው ሁለት እጅ ከዘላቂ ምንጭ እንዲሆን አዟል። ከ2030 ጀምሮ ደግሞ ዛሬ የምናወራው ዓይነት፣ በኤሌክትሪክ የተሠራ ነዳጅ የራሱ ድርሻ ይኖረዋል፤ በ2050 ድርሻው ከመቶው ሠላሳ አምስት ይደርሳል። ትእዛዙ የአየር መንገዱን ዜግነት አይጠይቅም። ከፍራንክፈርት ወይም ከሮም ወደ ቦሌ የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላንም የሚቀዳው ከዚያው ነዳጅ ነው። በኤሌክትሪክ የተሠራው ነዳጅ ዋጋ ደግሞ ከተራው ነዳጅ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሮም፣ ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልም ሆናችሁ የምትከታተሉን ወገኖቻችን ለበዓል አገር ቤት ስትመጡ የትኬታችሁ ዋጋ ውስጥ ይህ ጉዳይ ቀስ እያለ ይገባል።

(የሙዚቃ ምልክት)

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ፤ በተለይ ለወጣቶች። ሜታኖል አልኮል ነው ስል ሰማችሁ። የሚጠጣው ኢታኖል ግን አይደለም። ሽታቸው ይቀራረባል፤ መልካቸው ውኃ ነው። ሜታኖል ግን መርዝ ነው፤ ጥቂቱ ዓይን ያሳውራል፤ ትንሽ ከበዛ ይገድላል። ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ምንጩ ያልታወቀ አልኮል በማንም እጅ ቢቀርብላችሁ አትቅመሱት። የጠጣ ሰው ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት አድርሱት።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጨረሻ ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን መሥራት ይቻላል?

ካርቦኑ አለ። ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ ኢታኖል ይቀላቀል ነበር፤ ኢታኖሉ የመጣው ከስኳር ፋብሪካዎቻችን ሞላሰስ፣ መጀመሪያ ከፊንጫ ነው። ጋኖቹ የሚተነፍሱት ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከአገዳ የመጣ፣ ዙሩን የሚዘጋ። ውኃ አለ። የኤሌክትሪክም፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2017 ጳጉሜ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ከተመረቀ ወዲህ ትልቅ አቅም አለ፤ 5,150 ሜጋዋት።

ሆኖም እኔ በግሌ ከነዳጁ በፊት ሌላ ነገር እንዲቀድም እመኛለሁ። ከውኃ የወጣውን ሃይድሮጂን ከአየር ናይትሮጂን ጋር በብረት ካታሊስት ብታገናኙት አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያውን ከተያዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ብታገናኙት ምን ይሆናል?

ዩሪያ! ገበሬው በየክረምቱ የሚጠብቀው፣ ዋጋው በናረ ቁጥር የሚያስጨንቀው ያው ነጭ ማዳበሪያ። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን በእጃችን ቢገባ፣ አውሮፕላን ከማብረሩ ይልቅ የጤፍና የስንዴ ማሳ ማድረሱን አስቀድማለሁ። የአውሮፕላኑ ነዳጅ ይቅር ማለቴ ግን አይደለም፤ ባለሙያ የሚሰለጥነው፣ ኬሚስትና ኢንጂነር እጁን የሚያፍታታው በሁለቱም ላይ በአንድ ዓይነት ሙያ ነው፦ ጋዝ ማጥራት፣ ሃይድሮጂን ማውጣት፣ ካታሊስት መጠበቅ።

ለሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄ ልስጣችሁ። ትምህርት ቤት ያላችሁ ተማሪዎች ከመምህራችሁ ጋር ተወያዩበት፤ ቤት ያላችሁም ከልጆቻችሁ ጋር። በአካባቢያችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት የሚወጣበት አንድ ቦታ ፈልጉ፤ የቢራ ፋብሪካ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የስኳር ፋብሪካ፣ የከብት እርባታ ቢሆን። ካርቦኑ ከተክል ነው ወይስ ከድንጋይ? ጋዙ ንጹሕ ነው ወይስ ድኝ አለበት? ኤሌክትሪኩስ ከየት ይመጣል? መልሳችሁን በተለመደው አድራሻችን ላኩልን፤ የተመረጡትን እናነባለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ሃይድሮጂንን ለብቻው ይዘን እንቀርባለን፤ እንዴት እንደሚከማችና እንዴት እንደሚጓጓዝ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱልኝ።

(የመውጫ ሙዚቃ)